«ወታደር ነህ?»

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከደሴ ደወለ። ዲቪ ደርሶታል። «አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ከተማ ስትቀይር መንግሥት የጓዝ ማንሻ ይመልሳል አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሆዴን ባር ባር አለው።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲዛወር የጓዝ ማንሻው ስንት እንደነበር አላውቅም። የማልረሳው አይሱዙውን ነው። ቁምሳጥኑን የጫነው የቅሬው፣ የዕድሩ ሰው ነው፤ እናቴ እንኳ አንድ ድስት አላነሳችም። ደሴ ስንገባ አይተውን የማያውቁ ጎረቤቶች ቡና አፍልተው ጠበቁን። በረካው ሳይጠጣ ስንት ጆንያ ጤፍ እንዳለንም ቆጥረው ጨርሰዋል።

እኔ በ2018 (በፈረንጅ) ከዴንቨር ወደ ሚኒያፖሊስ ለሥራ ስሄድ ሶፋውን ብቻዬን አወረድኩ። ጎረቤቴ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ። በእነሱ ደንብ ደግ ሰው ነው።

አንድ የቆየ ወዳጄ «ደረሰኝ እንዳትጥል» ብሎኝ ነበር። ለሥራ የተዛወረ ሰው የጓዝ ወጪው በታክስ ጊዜ ተቀናሽ ይሆንለት ነበርና እሱ በ2012 ተጠቅሞበታል። አዲሱ ሥራ ለድሮው ቤትህ ከቀድሞው ሥራህ ቢያንስ በ50 ማይል የራቀ መሆን ነበረበት። እኔ ከ900 ማይል በላይ ነድቻለሁ! በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ 39 ሳምንት ሙሉ ሰዓት መሥራት ነበረብህ። ሳምንቱን ካላንደር ላይ እያሰመርኩ ቆጠርኩ። የትራኩን ኪራይ፣ የነዳጁን፣ የሞቴሉን፣ የፕላስተሩን ሳይቀር በጫማ ካርቶን አጠራቀምኩ።

ታክስ የምትሠራው ሴትዮ ክዳኑን እንኳ አልከፈተችም። «ወታደር ነህ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። የኛ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያውቀው ከኢሚግሬሽን ፎርም ላይ ነው። «በፍጹም! ክላሽ ነክቼ አላውቅም፣ አባቴም አስተማሪ ነው!» ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወላሂ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ለካ እሷ ሌላ ነው የጠየቀችው። በ2017 መጨረሻ የወጣው ሕግ ያንን ተቀናሽ ከ2018 ጀምሮ አስቁሞታል። ያኔ የተረፈው በትእዛዝ ለሚዛወር፣ በሥራ ላይ ላለ ወታደር ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ አሠሪዬ ለጉዞ የሰጠኝ 1,500 ዶላር እንደ ደመወዝ ደብልዩ ቱ (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና ታክስ የሚጽፍበት ወረቀት) ላይ ተደምሮ ታክስ ተቆርጦበታል። የአባቴ የጓዝ ማንሻ ጓዝ አነሳ፤ የኔው ግብር ከፈለ።

እናንተ ለመምጣት የምትጣደፉ፣ ተቀናሽ ማለት ብሩን መልሰው ይሰጡሃል ማለት አይደለም። ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይነሳልሃል፣ በቃ። የታክስ እርከንህ 12 በመቶ ከሆነ 2,400 ዶላር አውጥተህ የምታተርፈው 288 ነው። እሱም ድሮ ቀረ፤ በ2025 የወጣው ሕግ ክልከላውን ቋሚ አድርጎታል። ለስለላ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን ፈቅዷል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ለራሳቸው ታክስ ይቀበላሉና መጠየቅ አይከፋም። አሠሪ «የጉዞህን እችላለሁ» ካለህ ግን ሳትፈርም «ታክሱንስ?» በለው። እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ነው የተበላሁት።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ዘረዘርኩለት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እና» አለኝ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰላይ ነኝ ብትላቸውስ?»