የለምለም ናና ክሬም በቸኮሌት ቺፕስ ካፕኬክ ላይ

ናና እና ቸኮሌት አንድ ላይ ሲቀርቡላቸው «ይኼማ የጥርስ ሳሙና ነው» ብለው ሳህኑን የሚመልሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። ብዙውን ጊዜ የናና ክሬም የሚዘጋጀው በትንሽ ጠርሙስ ከሚሸጠው ኤሰንስ ሲሆን፣ ከዚህ ፈሳሽ የምትጨመር አንዲት ትርፍ ጠብታ ክሬሙን በሙሉ ምላስ ወደሚያደነዝዝ ነገር ትለውጠዋለች። ከለምለም ቅጠል የሚወጣው ጣዕም ግን ከዚህ በብዙ ይለያል፤ ለስላሳ ነው፣ ጥቂት የሣር ጠረን አለው፣ ከቅቤው ጋር ተዋሕዶ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቸኮሌቱንም ሳይጫነው አብሮት ይቆያል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው የዚህን ክሬም እና ክሬሙን የሚሸከመውን የቸኮሌት ቺፕስ ካፕኬክ አሠራር ነው። ከክሬሙ እጀምራለሁ፤ ለእኔ ኬኩ የሚጋገረው ለክሬሙ ተብሎ ነውና፤ በሥራ ቅደም ተከተልም ቢሆን ናና የገባበት ቅቤ ለመርጋት ጊዜ ስለሚፈልግ የሚቀድመው እሱ ነው።

ናና በሚለው ስም የሚጠሩት ተክሎች ብዙ ሲሆኑ፣ ለዚህ ሥራ መለየት ያለባቸው ሁለቱ ስፒርሚንት እና ፔፐርሚንት ናቸው። የስፒርሚንት ቅጠል ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ሸብሸብ ያለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተከረከረ እና ያለ አገዳ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ የሚበቅል ነው፤ የፔፐርሚንት ቅጠል ግን ጠቆር ይላል፣ አጭር አገዳ አለው፣ ግንዱም ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ ያደላል። የስፒርሚንትን መዓዛ በዋናነት የሚሰጠው ካርቮን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሜንቶል የለበትም ለማለት የሚያስችል ያህል ጥቂት ነው። በፔፐርሚንት ዘይት ውስጥ ግን ሜንቶል ከሌሎቹ ሁሉ ልቆ የሚገኝ ሲሆን፣ አፍን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። በእውነቱ ሜንቶል የአፍን ሙቀት ዝቅ አያደርግም፤ በነርቮቻችን ላይ ያለውን ቅዝቃዜን የሚለይ ተቀባይ ፕሮቲን ይነካና ለአንጎል «ቀዝቅዟል» የሚል መልእክት እንዲደርስ ያደርጋል። ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ ጁሊየስ እና አርደም ፓታፑቲያን በየፊናቸው በሜንቶል አማካይነት ለይተው አግኝተውታል፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶች ሙቀትንና ንክኪን ስለሚለዩ ተቀባዮች ባደረጉት ምርምርም በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። እኔ ለክሬሙ ስፒርሚንትን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ የምፈልገው መዓዛውን እንጂ ቅዝቃዜውን አይደለም። ቀዝቀዝ ማለቱን የሚወድ ሰው ከአራት እጅ አንዱን በፔፐርሚንት ቢተካ በቂው ነው።

የናና መዓዛ ያለው በቅጠሉ ገጽ ላይ በተበተኑ፣ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ቅጠሉን በጣት አሸት ሲያደርጉት ሽታው ወዲያው የሚወጣው እነዚህ ከረጢቶች ስለሚፈነዱ ነው። ይህ ዘይት በውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ በስብ ውስጥ ግን በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ በክሬም ውስጥ ያለው ምርጥ የናና ማደሪያ ቅቤው ራሱ ነው። ቅጠሉን ከትፎ በክሬሙ ላይ መበተን ቀላል መስሎ ቢታይም እኔ አልመክረውም፤ የተከተፈው ቅጠል በተቆረጠበት በኩል ይጠቁራል፣ በጥርስ ሥር ይገባል፣ ክሬሙም በቱቦ ጫፍ ሲጨመቅ ቀዳዳውን ይዘጋዋል።

ለ12 ካፕኬክ 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ እና 30 ግራም ያህል ከግንዱ የተለየ የናና ቅጠል ያስፈልጋል። ተክሉን ከራሱ ከሥሩ የሚቀጥፍ ሰው አበባ ከማውጣቱ በፊት ቢቀጥፈው ዘይቱን በሙላት ያገኘዋል። ቅጠሉ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ጠብታ እስከማይቀርበት ድረስ መድረቅ አለበት፤ ወደ ቅቤው የሚገባ ውኃ በኋላ ክሬሙን ያላልተዋልና። ቅቤው በቀስታ እሳት ይቀልጥ፤ መንጣጣት ሳይጀምር ከእሳት ይውረድ፤ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጠጋ፣ ማለትም ትኩስ ሆኖ ግን በማይፈላበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ በእጅ አሸት አሸት የተደረገው ቅጠል ይጨመርበትና ወዲያውኑ ይከደን። ክዳኑ ለይስሙላ አይደለም፤ የናና ዘይት በቀላሉ የሚተን በመሆኑ ወጥ ቤቱ በናና ሽታ ከታወደ ያ ሁሉ ሽታ ከቅቤው የጎደለ ነው። በተከደነበት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቆያል። ከዚህ በላይ ማቆየት ትርፉ ትንሽ ነው፤ በእሳት ላይ ማፍላት ደግሞ ቅጠሉን አብስሎ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ጠረን ያመጣበታል።

ከዚያ በኋላ ቅቤው በጥቃቅን ማጥለያ ይጥለላል፤ ቅጠሉን በማንኪያ ጀርባ ቀለል አድርጎ መጫን ይበቃል። አጥብቆ ከተጨመቀ መራራና የሣር ጠረን የበዛበት ጭማቂ ይወርዳል። ቅጠሉ የተወሰነውን ቅቤ ይዞ ስለሚቀር ከ200 ግራሙ የሚተርፈው ወደ 170 ግራም ይጠጋል፤ የክሬሙ መጠንም በዚህ የተሰላ ነው። አሁን የሚቀረው ማርጋት ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የቀለጠ ቅቤ ሳይነካ በፍሪጅ ውስጥ ከተተወ ስቡ ከላይ፣ ነጩ የወተት ክፍል ከታች ሆኖ ይለያያል። ስለዚህ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሌላ ሳህን ውስጥ አስቀምጦ፣ ወፈር ብሎ ማንኪያ የሄደበትን መንገድ መያዝ እስኪጀምር ድረስ በየጊዜው ማማሰል ያስፈልጋል።

የቀለሙ ነገር ሰውን ያከራክራል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ክሬም ከአረንጓዴነት ይልቅ ወደ ዝሆን ጥርስ ነጭ የሚያደላ፣ በብርሃን ፊት ጥቂት አረንጓዴ የሚመስል ነው። የበለጠ አረንጓዴ የሚፈልግ ሰው ሌላ አንድ እፍኝ ቅጠል በፈላ ውኃ ውስጥ ለ15 ሰከንድ ነክሮ፣ ወዲያውኑ በበረዶ ውኃ አቀዝቅዞ፣ አጥብቆ ጨምቆ ካደረቀ በኋላ ከጥቂት ቅቤ ጋር ፈጭቶ ሊያጠልለው ይችላል። አጭሩ የፈላ ውኃ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ያስቆመዋል፤ በረዶው ደግሞ አረንጓዴው ቀለም በሙቀት ተበላሽቶ ወደ ቡናማ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል። በክሬሙ ላይ ሎሚ መጭመቅም አረንጓዴውን የሚያደበዝዝ ነገር ነው። የምግብ ቀለም ግን አልጨምርም። ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ያየ ሰው ሳይቀምስ በፊት የኤሰንሱን ጣዕም ይጠብቃል፣ ቅጠሉ ያመጣውን ለስላሳ ጣዕምም እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል።

ኬኩን በተመለከተ አብዛኛው ሥራ የሚጠናቀቀው ምድጃው ከመሞቁ በፊት ነው። 115 ግራም ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 190 ግራም የፊኖ ዱቄት፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው እና 120 ግራም ቸኮሌት ቺፕስ እጠቀማለሁ። ቫኒላውን ከተለመደው ቀንሼ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ አደርገዋለሁ፤ ቫኒላ ሲበዛ ናናውን ይሸፍነዋልና። ቅቤው፣ እንቁላሉ እና ወተቱ ወደ 20 ዲግሪ በሚጠጋ ተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሊሆኑ ይገባል። ቅቤና ስኳር አንድ ላይ ሲመቱ የስኳሩ እንክብሎች በቅቤው ውስጥ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶችን ይፈጥራሉ። ቤኪንግ ፓውደር በበኩሉ አዲስ ክፍተት አይፈጥርም፤ አስቀድመው የተፈጠሩትን ያሳድጋቸዋል እንጂ። ስለዚህ ለ1 ደቂቃ ብቻ የተመታ ቅቤ ምንም ያህል ቤኪንግ ፓውደር ቢጨመርለት የሚሰጠው ኬክ የታፈነ ይሆናል። ቅቤው ነጣ ብሎ እስኪለሰልስ ድረስ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ መምታት አስፈላጊ ነው። እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ከፍሪጅ እንደወጡ ከገቡ ቅቤውን ያረጉትና ውሕዱ እንደ ተቋጠረ ወተት ይበታተናል። የተነፋው ዱቄት እና ወተቱ ከዚያ በኋላ በየተራ ይጨመራሉ፤ ነጭ ዱቄት መታየቱ እንዳቆመ መምታቱም ይቆማል፤ ያለዚያ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ጠንክሮ ኬኩን የሚሳብ ያደርገዋል።

ቺፕሱ ወደ ታች የሚሰምጠው ከውሕዱ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ነው። ቺፕሱን በዱቄት ማሸት የሚለው ምክር በየቦታው ይገኛል፤ ውጤቱ ግን ትንሽ ነው። ቺፕሱን ይዞ የሚያቆየው የውሕዱ ውፍረት ነው፤ ከማንኪያ ላይ በራሱ የሚፈስስ ውሕድ ቀጥኗል፣ ማንኪያውን ነቅነቅ ሲያደርጉት ተቆርጦ የሚወድቅ ውሕድ ግን ልክ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የሚረዳው ዘዴ በእያንዳንዱ የወረቀት ኩባያ ሥር ቺፕስ ያልገባበትን ውሕድ አንድ ማንኪያ ያህል አስቀድሞ ማድረግ እና ቺፕሱን ከቀረው ጋር ማዋሐድ ነው። በዓይነቱም በኩል ከ55 እስከ 60 በመቶ ካካዎ ያለው ጥቁር ቸኮሌት ይሻላል፤ የወተት ቸኮሌት ከክሬሙ ስኳር ጋር ሲደመር ጣፋጭነቱ ይበዛል። ትናንሽ ቺፕስ ከተገኙ ደግሞ በኬኩ ውስጥ ይበልጥ ተሰራጭተው ይቀራሉ። በነገራችን ላይ በ1930ዎቹ ሩት ዌክፊልድ የተባሉት አሜሪካዊት ባለሙያ በቸኮሌት ብስኩታቸው ውስጥ የጨመሩት በቢላ የተከተፈ ቸኮሌት ነበር፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ቺፕስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተከተፈ ቸኮሌት ዛሬም ያምራል፤ ሹል ጠርዙ በቀላሉ ቀልጦ በኬኩ ውስጥ ቀጫጭን መስመሮችን ይተዋል፣ ቺፕስ ግን ቅርጹን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው።

እያንዳንዱ ኩባያ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላና አስቀድሞ 175 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ፣ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይጋገራል። የአየር ማራገቢያ ያለው ምድጃ ከሆነ 160 ዲግሪ ይበቃል። በስቴኪኒ ሲፈተሽ የቀለጠ ቸኮሌት ይዞ ቢወጣ አያሳስብም፤ የሚታየው ጥሬ ውሕድ መኖር አለመኖሩ ስለሆነ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ መውጋት ነው። ከምድጃ ከወጡ ከ5 ደቂቃ በኋላ ከመጋገሪያው አውጥቶ በሽቦ መደርደሪያ ላይ መደርደር ያስፈልጋል፤ እዚያው ከቆዩ የሚወጣው እንፋሎት ውኃ ሆኖ ወረቀቱን ያርሰዋል።

ኬኩ እየቀዘቀዘ ሳለ ክሬሙ ይመታል። የናናው ቅቤ ብቻውን ለ4 ደቂቃ ያህል ከተመታ በኋላ 280 ግራም የተነፋ የዱቄት ስኳር በሦስት ዙር ይጨመርበታል፤ ቀጥሎም አንድ ቁንጥር ጨው እና 2 የሾርባ ማንኪያ የወተት ክሬም ይገባሉ። የወተት ክሬሙን ባለፈው ሌሊት ጥቂት የታሹ ቅጠሎች ጨምሬበት በፍሪጅ አሳድረዋለሁ፤ በቀዝቃዛ የሚወጣው የናና መዓዛ በሙቀት ከወጣው ይልቅ የለመለመ በመሆኑ ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ ይሞላል። ጨው አይረሳ፤ የስኳሩን ኃይል አለዝቦ ቅጠሉ እንዲሰማ የሚያደርገው እሱ ነው። ክሬሙ የተቆራረጠ ከመሰለ ቅቤው ቀዝቅዞበታል ማለት ስለሆነ ሳህኑን ከታች በለብታ ውኃ ጥቂት አሙቆ ደግሞ መምታት ያስተካክለዋል፤ ከላላ ደግሞ 15 ደቂቃ በፍሪጅ ይቆይ። ለመቀባት የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ መሐሉ ገና ለብ ያለ ካፕኬክ ቅቤውን አቅልጦ ክሬሙን ያንሸራትተዋልና ቢያንስ 1 ሰዓት ይጠበቅለት። በቱቦ ለማይጨምቅ ሰው በቢላ ጀርባ መቀባትም ያው ነው። ጥቂት የተፈቀፈቀ ጥቁር ቸኮሌት ቢነሰነስበት ጥሩ ነው።

ለጌጥ የሚሆነው ቅጠል ሊቀርብ ሲል ብቻ ይደረግ፤ በክሬሙ ውስጥ ያለው ስኳር ውኃውን ስለሚስበው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጠወልጋል። የተቀባው ካፕኬክ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በፍሪጅ እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ በጣም የሚጥመው ግን በተሠራ በማግስቱ ነው። ሽንኩርት ወይም ሌላ ሽታው የሚያይል ነገር ካለበት ፍሪጅ መራቅ አለበት፤ ቅቤው የናናውን መዓዛ እንደተቀበለ ሁሉ የሽንኩርቱንም ይቀበላል። ከመበላቱ በፊት ለ40 ደቂቃ ያህል ውጭ ይቀመጥ፤ ቀዝቃዛ ቅቤ መዓዛውን አይለቅምና። ክሬም ያልተቀባው ኬክ በደንብ ከተጠቀለለ በበረዶ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) እስከ 2 ወር ሊቀመጥ ይችላል፤ የተረፈው የናና ክሬምም እንዲሁ፣ በረዶው በፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ከለቀቀ በኋላ እንደገና እስከተመታ ድረስ።