ናፍታ እያላት የምትጠፋ ሎደር

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፒያሳ የሌሊት ሥራ ይዤ ነበር። ከጊዮርጊስ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ ዳር የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሮ ነበር። የእኔ ድርሻ አፈሩንና የተሰባበረውን ኮንክሪት ሰብስቦ አይሱዙ ላይ መጫን ነው። መሣሪያዋን ከወንድሜ ጋር በጋራ ነው የገዛናት። ስሟ ስኪድ ስቲር ሎደር ነው፣ ከፊቷ ባለው ባኬት አፈር የምታነሣ ትንሽ መጫኛ፤ የየትኛውም ፋብሪካ ትሁን ግን እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ቦብካት ነው የሚላት።

አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ባኬቱን ሞልቼ ዳገቱን ስወጣ ድምፅዋ ተለወጠ። እንደታነቀ ሰው ተንተፋተፈች፣ ጉልበት አጣች፣ ጠፋች። ጥቂት ቆይቼ ሳስነሣት ተነሣች፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርታ ደግሞ ጠፋች። ናፍታ እንዳልደረሳት ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጌጁን ሳየው ግን ግማሽ ላይ ነው።

ሲነጋ ሶማሌ ተራ ሄጄ ፊልትሮ፣ ማለትም የናፍታ ማጣሪያ፣ እና ውሃውን ከናፍታ የሚለይ የውሃ መለያ ገዛሁ። አሮጌውን ፊልትሮ ስፈታው ውስጡ ጥቁር ዝቃጭ ይዟል፤ አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ሌሊት ያለ ችግር ሠራች። በሦስተኛው ሌሊት ያው ዳገት ላይ ያው ነገር። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ናፍታ ፖምፓውን ቀየርኩ፤ የሦስት ሌሊት ኪራይ በላብኝ። አሁንም ሁለት ሌሊት ሠርታ ጠፋች። ፎርማኑ ሌላ መሣሪያ አመጣለሁ እያለ ነው፣ ወንድሜ ስልክ ላይ ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ኢንጄክሽን ፖምፓ ካልተፈታ አይሆንም ብሎ ያስፈራራኛል። እውነት ለመናገር ልፈታው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያዳነኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩ አንድ የድሮ መካኒክ ናቸው። ጠዋት መጥተው መፍቻ እንኳ ሳይይዙ ጠየቁኝ።

«ስትጠፋብህ ናፍታዋ ስንት ነበር?»

«ግማሽ ገደማ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

ዝም አልኩ። አስቤው አላውቅም።

«አፍንጫዋስ ወዴት ዞሮ?»

«ወደ ዳገቱ።»

«እቃ በቀየርክ ጊዜ ናፍታም ሞልተሃል አይደል?»

ሞልቻለሁ! ፊልትሮውን ቀይሬ ታንኩን ሞላሁ፣ ፖምፓውን ቀይሬም ታንኩን ሞላሁ። እነዚያ ደህና ያለፉት ሌሊቶች ሥራው አጭር ነበር፤ ናፍታው ግማሽ ሳይደርስ ነጋ። እቃው አዳናት ብዬ ያመንኩት ናፍታው ሙሉ ስለነበር ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ናፍታ መሙላትን እንደ ለውጥ አልቆጠርኩትም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ገንዘብ አልጠየቀም። ናፍታው ከግማሽ በታች መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ መጀመሪያ የታንኩን ክዳን አላልተን አስነሣናት። ክዳኑ ላይ ያለው መተንፈሻ ከተደፈነ ታንኩ ውስጥ አየር ስለማይተካ ናፍታው አልሳብ ይላል። ክዳኑ ሲላላ ካገገመች ችግሩ እሱ ነው ማለት ነው። አላገገመችም። ቀጥለን ናፍታውን ወደ ፖምፓው የሚወስደውን ቱቦ ከታንኩ ላይ ነቅለን ንጹሕ ናፍታ ያለበት ጀሪካን ውስጥ ከተትነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ምንም እንከን ሠራች። በዚች አንድ ሙከራ ፖምፓው፣ ፊልትሮው፣ ኢንጄክሽን ፖምፓውና ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት ኖዝሎች ሁሉ ነጻ ወጡ። በመጨረሻ ቱቦውን ወደ ታንኩ መልሰን መሐሉ ላይ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቀጠልንበት። ዳገቱ ላይ ስናቆማት አረፋ እየተከታተለ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ እርጥብ ቦታ ስፈልግ ነበር። ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መንገድ ላይ የሚፈጠር ቀዳዳ ግን ሞተሩ ሲሠራ ናፍታ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ደረቅ ነው። ፖምፓው ናፍታውን ጎትቶ አያመጣውም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፣ የውጭው አየር ናፍታውን ከታንኩ ይገፋዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እንግዲህ የምንጀምረው ከተቀነሰ ግፊት ነው፤ የላላች ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም የተሰነጠቀ ላስቲክ ከተጨመረባት ሞተሩ መታነቁ አይቀርም።

ታንኩን ለመክፈት ካቢኑን ማጋደል ነበረብን። እዚህ ላይ ጋሼ ተቆጡኝ፣ ትክክልም ነበሩ። ባኬቱን የሚያነሣውን ክንድ አንሥቼ የማቆሚያውን ብረት ሳላስገባ ልገባ ስል ጎትተው አወጡኝ። ክንዱ የቆመው በሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ከሆነ ከሥሩ ሰው አይገባም። ይህን የሚያነብ ረዳት ካለ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን እንዳትገባ። የዚህ ዓይነት ሎደር መነሻ የሆነችውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1957 ሚኒሶታ ውስጥ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ለሚያረባ ገበሬ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ገብታ እንድታጸዳ። ፒያሳም የምትመረጠው ለዚሁ ጠባብነቷ ነው፤ ለሚጠግናት ግን ለእጅ የሚሆን ቦታ የላትም።

ታንኩ ውስጥ ያለው የመምጠጫ ቱቦ ሲወጣ ጌጁ ግማሽ ከሚያሳይበት ከፍታ ላይ በቁመቱ ተሰንጥቋል። ናፍታው ስንጥቁን ሲሸፍነው ሙሉ ጤነኛ፤ ዝቅ ሲል ወይም ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየር መሳብ። እኔ የመዳብ ቱቦ ልግዛ ስል ጋሼ ከለከሉኝ፤ መዳብ ናፍታን ቶሎ ያበላሻል። ተራ የናፍታ ላስቲክም አይሆንም፤ ብዙዎቹ ናፍታ የሚችሉት በውስጣቸው ነው እንጂ ናፍታ ውስጥ ተዘፍቀው እንዲኖሩ አልተሠሩም። ናፍታ የሚችል የናይሎን ቱቦ አገኘን። ጫፉን አጋድመን ቆረጥነው፣ ወለሉ ላይ ተለጥፎ እንዳይደፈን። ከወለሉም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው፣ ከታች የሚተኛውን ውሃና ቆሻሻ እንዳይስብ። ታንኩንም አጠብነው፤ የፊልትሮው ዝቃጭ የመጣው ከዚያ ነው። ውሃ ባለበት ናፍታ ውስጥ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው ያን ጥቁር ነገር የሚያመጡት። አሁን ሁልጊዜ ሞተር ከማስነሣቴ በፊት የውሃ መለያውን ሥር ከፍቼ አፈሳለሁ፣ በክረምት በተለይ።

አየሩን ያስወጣነው የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ቡሎን አላልተን በእጅ ፖምፓው ነው፣ አረፋ አልባ ናፍታ እስኪወጣ ድረስ። ሞተር ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ደጋግሞ ማንጫጫት ባትሪ መግደል ነው። ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቱቦዎች ደግሞ ሞተር እየሠራ በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል።

ያን ሌሊት ታንኩን አልሞላሁም። ሆን ብዬ ሩብ ላይ ጀመርኩና ባኬቱን ሞልቼ አፍንጫዋን ወደ ጊዮርጊስ አዙሬ ደጋግሜ ዳገቱን ወጣሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የናፍታ መብራቱ በራ። ድምፅዋ እንደ ነበረ ነው። አጥፍቼ ወረድኩ፣ ከጀሪካኑ በማጣሪያ ጨመርኩላትና አይሱዙው ሲመጣ መጫኔን ቀጠልኩ።