ቫኗን መኝታ ቤት ስናደርጋት

አሮጌዋን ፎርድ ትራንዚት ከገዛናት ስድስት ወር ሆነን። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ፣ እዚሁ ደጃፋችን ላይ ነው የሠራናት። እኔና ባለቤቴ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አልጋው ነው። አልጋው ቀላል ነው፤ ጣውላ ቆርጦ በብሎን ማሰር ነው። ልፋቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ልክ አክንባሎው ሲነሳ ከስሩ እንደሚንጠባጠበው። ለሙከራ ባደርንበት ሌሊት ማግስት ጣሪያውን በእጄ ብዳስሰው መዳፌ ራሰ። ጣውላውን አልብሰነው ቢሆን ኖሮ ዝገቱን የምናየው ከረፈደ ነበር። ስለዚህ ጣሪያው ላይ አየር ማስወጫ ማራገቢያ ገጠምን። የገዛ መኪናን ጣሪያ በመጋዝ መቁረጥ ያስጨንቃል፣ እውነቴን ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ወዲያው ፀረ ዝገት ቀባሁት።

ኤሌክትሪኩ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ነው፤ ወደ 1200 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ለትንሿ ፍሪጅና ለመብራቱ አንድ ቀን ይበቃናል። እባካችሁ፣ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርጉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳትገጥሙም ውስጧ እንዳትተኙ። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ አታውቁትም።

ጀበናዋም ከምድጃው ጎን የራሷ ቦታ አላት። ባለቤቴ ከአልጋው በፊት የለካችው እሷን ነው።