ቁጭ ብሎ መጎንበስ

ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆስፒታል፣ አጥንት ክፍል ውስጥ የሆነ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ከተቀየረ ስድስተኛ ቀናቸው የሆነ አባት የመውጫ ወረቀታቸው ተፈርሞ ለመሄድ ተነስተዋል። ቁስሉ ደህና ነው፤ በዎከር፣ ማለትም በሁለት እጅ ተይዞ በሚገፋው መራመጃ፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደው ይመለሳሉ። ልጃቸው ለዕለቱ ብሎ ሙሉ ልብስና በደንብ የተወለወለ ባለ ማሰሪያ ቆዳ ጫማ አምጥቷል። የጠራው ታክሲ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ይደውላል።

«አባዬ፣ ሰውዬው እየጠበቀን ነው።»

«መጣሁ ልጄ፣ ይቺን ጫማ ብቻ ላጥልቅ።»

ልጅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ዞረ። ሲስተሯ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። አባት ዝቅ ያለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የቀኙን ጫማ አጠለቁ። የግራው፣ የተሠራው እግር፣ ተረከዙ አልገባ አለ። እግሩን ወደ ኋላና ወደ ውጭ፣ ወደ አልጋው ጎን ሳብ አደረጉት፤ ጉልበቱ ወደ ቀኙ ጉልበት ዘመመ፤ ጣታቸውን ከጫማው ኋላ ሊያስገቡ በጎን ወረዱ። ሲስተሯ ጩኸት ሰምታ ስትመለስ የግራ እግራቸው ከቀኙ አጥሮ፣ ጉልበቱና ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዞረው ነበር። ራጁ የተተካው የዳሌ ኳስ ከተቀመጠበት ኩባያ ወደ ኋላ መውጣቱን አሳየ። በዚያው ቀን በማደንዘዣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማታ ፊዚዮቴራፒስቱ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። «አባባ፣ እንዳይጎነበሱ ተነግሮዎት አልነበረም?»

«ኧረ መች ጎነበስኩ ልጄ! ቁጭ ብዬ እኮ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሦስቱን ክልከላ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ አለመጎንበስ፣ እግር አለማነባበር፣ እግርን ወደ ውስጥ አለማዞር። ግን በአማርኛ «ጎነበሰ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቆሞ ወገቡን ያጠፈ ሰው ነው። ለዳሌ ግን ቁጭ ብሎ ወደ ጫማ መውረድም መጎንበስ ነው፤ እንዲያውም የባሰው እሱ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ጭኑና ደረቱ 90 ዲግሪ ገደማ ሠርተዋል፤ ለተቀየረ ዳሌ የተፈቀደው መጠንም እሱ ነው። መቀመጫው ዝቅ ብሎ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከሆነ ደግሞ ገና እጅ ሳይዘረጋ መጠኑ ታልፏል። የተፈቀደው ሁሉ አልቆ ነው ሰውየው ወደ ጫማው የሚወርደው።

ምክንያቱን ማወቅ ከክልከላው ይበልጣል። የተፈጥሮው የጭን አጥንት ራስ ስፋቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በምትኩ የሚገባው ኳስ ብዙ ጊዜ 28፣ 32 ወይም 36 ሚሊ ሜትር ነው። ከ90 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ፣ በዚያ ላይ ጉልበቱ ወደ መሀል ሲገባና እግሩ ሲዞር፣ ኳሱን የተሸከመው የብረት አንገት ከኩባያው የፊት ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ከዚያ የወተት ጣሳ ክዳን በማንኪያ እጀታ እንደሚፈነቀል ኳሱን ወደ ኋላ ይፈነቅለዋል። ኦፕራሲዮኑ ከኋላ በኩል ከተሠራ ደግሞ ኳሱን ከኋላ ደግፈው የሚይዙት ጅማቶችና ጡንቻዎች ተቆርጠው የተሰፉ፣ ገና ያልጠገጉ ናቸው። ጥንቃቄው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የሚቆየው ለዚህ ነው። ከፊት በኩል ለተሠራለት ሰው ክልከላው ሌላ ነው፤ እግሩን ወደ ኋላ መዘርጋቱና ወደ ውጭ ማዞሩ ነው የሚያሰጋው። ስለዚህ አስታማሚ ከመውጣቱ በፊት «በየት በኩል ነው የተሠራው?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ክፍሉ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለወጠ። ለታካሚ ከሚሰጠው ወረቀት ላይ «አይጎንበሱ» የሚለው ተሰርዞ «ቆመውም ተቀምጠውም እጅዎ ከጉልበትዎ በታች አይውረድ» ተባለ። ሁለተኛው፣ ታካሚ በመውጫው ዋዜማ ቤት የሚለብሰውን ልብስና ጫማ አስመጥቶ፣ አስታማሚው እያየ፣ ራሱ ይለብሳል። በሆስፒታል ጋውን የተለማመደ ሰው ስለ ሱሪና ስለ ካልሲ ምንም አልተማረም።

ልምምዱ ከወንበሩ ይጀምራል። ደልዳላ፣ መደገፊያ እጅ ያለው፣ ሲቀመጡበት ዳሌ ከጉልበት ከፍ የሚል ይሁን። ሶፋ፣ በርጩማና ዱካ አይሆኑም። የሚለበሰው ሁሉ አስቀድሞ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ይቀመጥ፤ ወለል ላይ የወደቀ ካልሲ ብዙ ሰው ያሳስታል። ማስታገሻው ከተዋጠ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያልፍ ሕመሙ አያጣድፍም።

ሲለበስ የተሠራው እግር ይቀድማል፤ ሲወለቅ የተሠራው እግር መጨረሻ ይወጣል። ይህን የሚገለብጥ ሰው ይቸገራል፣ ምክንያቱም ደህናው እግር ታጥፎ በጠባብ ቦታ መግባት ይችላል፤ የተሠራው ግን ልብሱን ልቅና ባዶ አድርጎ የሚጠብቀው ይፈልጋል። የመጥረጊያ እንጨት ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ጫፉ ላይ የኮት መስቀያ መንጠቆ ማሰር በቂ ነው። የውስጥ ሱሪው ወይም የሱሪው ወገብ በመንጠቆው ተይዞ ወደ ወለል ይወርዳል፤ የተሠራው እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ይገባል፤ ልብሱ በእንጨቱ ከጉልበት በላይ ይሳባል፤ ቀጥሎ ደህናው እግር። ሁለቱም ልብሶች ጭን ላይ ከደረሱ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል። አነሳሱ የተሠራውን እግር ወደ ፊት አስቀድሞ፣ የወንበሩን እጆች ገፍቶ ነው። ዎከሩን ስቦ መነሳት አይሆንም፤ ዎከሩ ይገለበጣል። ከቆሙ በኋላ አንድ እጅ ዎከሩን ይዞ ሌላው ልብሱን ይስባል። ቀሚስ ለሚለብሱ እናቶች ከላይ የሚጠለቀው ይቀላል፤ ግን ዳር እስከ ዳር የሚጎተት ነጠላ ከዎከር ጋር አይሄድም፣ ጫፉ ከጎማው ሥር ይገባል።

ካልሲ ዋናው ፈተና ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ስስ ስለሆነ ግን ይታጠፋል። የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን ጎን 25 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢቆረጥ እንደ ቦይ ጎበጥ ብሎ ይቆማል። ጠርዙ ሁሉ በፕላስተር ይሸፈን፣ ቆዳ ይቆርጣል። በአንዱ ጫፍ በግራና በቀኝ ቀዳዳ ተበስቶ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ገመዶች ይታሰሩ። ካልሲው በሌላው ጫፍ በኩል ይጠለቃል፤ የጣት ጫፉ ከፕላስቲኩ ጫፍ ጋር ካልገጠመ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ገመዱ በእጅ ተይዞ ፕላስቲኩ ወለሉ ላይ ይለቀቃል፤ እግር ወደ ቦዩ ይገባል፤ ሁለቱ ገመዶች እኩል ሲሳቡ ፕላስቲኩ በተረከዝ በኩል ወጥቶ ካልሲው እግር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ቀን አስር ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

ጫማ ኋላው የተዘጋ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ በላስቲክ ክር የታሰረ ወይም ያለ ማሰሪያ የሚጠለቅ ይሁን። ነጠላ ጫማ ለመግባት ይቀላል፣ እርጥብ ወለል ላይ ግን ያስወድቃል። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ጠባብ አይገዛ። ከቤት ከወጡ በኋላም የከተማው ልማድ ራሱ ያጎነብሳል፦ የሊስትሮ ወንበር ዝቅ ያለ ነው፣ ጫማ ቤት ይወልወል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ ማውለቅ ካለ በአጠገብ ያለ ሰው ያውልቅላቸው፤ ስግደት ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይሞከርም።

ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ ያጠረና የዞረ እግር፣ መርገጥ አለመቻል ከታየ ማንም እግሩን እንዳይጎትት። ባሉበት ተኝተው ከቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ።

አባት በሁለተኛው መውጫቸው ሙሉ ልብሳቸውን በመንጠቆው ራሳቸው ለበሱ። ባለ ማሰሪያው ጫማ በፌስታል ሆኖ ልጅ እጅ ላይ ነበር። ታክሲው ውስጥ የፊት መቀመጫው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ዝቅ ስለሚል የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ በላዩም ለመንሸራተት ፌስታል ተነጥፎበታል። መጀመሪያ በቂጣቸው ገቡ፣ የተሠራውን እግር ዘርግተው ቀስ ብለው ዞሩ፤ ሹፌሩ በሩን ይዞ ጠበቀ።