የፍሪጁ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ክረምት ነበር። ከማራኪ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው። ዝናቡ ካርቶኑን አበስብሶ ቀደደብኝና አሻንጉሊቷን በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኳት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጎንበስ ብለው አዩን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ቆጣ አሉ። «በዚህ ዝናብ አራስ ይወጣል?» እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ባጃጁ ቆመ። «ማርያም ታኑርልኝ» ብዬ ወረድኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አሻንጉሊቷ አዲስ የተወለደ ሕፃን ናት። ሆዷ ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ሲሞላባት እንደ እውነተኛ ሕፃን ትከብዳለች፣ አንገቷ ይወድቃል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከባልደረቦቼና ከተማሪዎች ጋር በአሻንጉሊት እንለማመዳለን። ሲሙሌሽን የሚሉት ነው። እንዴት እንደጀመርነውና የት የት ላይ እንደተሰናከልኩ ልጻፈው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ ሞተር ሲቃጠል ምን እንደሚያደርግ የሚለማመደው አዲስ አበባ ባለው ሲሙሌተር ውስጥ ነው። ተሳፋሪ ጭኖ አይማርም። ከእኛ ግን ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ከባድ የደም መፍሰስ ያየነው እናቲቱ አልጋ ላይ ተኝታ ነው። እኔ ያየሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እናቲቱ ተርፋለች፣ ተመስገን። የቱን አስቀድሜ የቱን እንዳስከተልኩ ግን እስከ ዛሬ አላስታውስም። እጄ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ትዝ ይለኛል። ሐሙስን የጀመርኩት በዚያ እጅ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ አሻንጉሊት ፍለጋ ወጣሁ። ለካ አለን! ስቶር ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። የሕፃኗም፣ የእናቲቱም። «ሞዴል 22 ይሠራልሽና ትወስጂያለሽ» ተባልኩ፣ የዕቃ ማውጫ ቅጹን ማለታቸው ነው። ቀጥሎ «ከተበላሸ ማን ይከፍላል?» መጣ። ከዚያ ኮሚቴ። እንዳይበላሽ ተብሎ የተቆለፈበት የማስተማሪያ ዕቃ ስንት ጤና ጣቢያ ውስጥ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ሦስት ሳምንት ስጠብቅ ቁጭ አላልኩም። ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ኳስ ገዛሁና ከመነዳሪውን አወጣሁት። በጨርቅ ሰፋሁት። ሲነፋ ጠንካራ ነው፣ የተኮማተረ ማህፀን። ሲተነፍስ ልል ነው፣ ደም የሚያፈስ ማህፀን። ሠርቶልኛል። በኋላ ሳነብ ይሄ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የምትባል ፈረንሳዊት አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የማዋለጃ አሻንጉሊት ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ ተቀብላ፣ በየገጠሩ እየዞረች ሴቶችን አስተምራለች። የቆመ ልብና ትንፋሽ መመለስ ስንሠለጥን የምንጠቀምባት ታዋቂዋ አሻንጉሊት «አን»ም እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችው ከኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ ከአስሙንድ ላርዳል ዘንድ ነው። እና «የውጭ ዕቃ ካልመጣ አይቻልም» ለሚለኝ ሰው ከመነዳሪዬን አሳየዋለሁ።

ደሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ቀይ ስር ቀቅዬ ውሃውን አጠለልኩ። ቀለሙ ልክ ነው፣ ግን እንደ ውሃ ይሮጣል። አንድ ቀን የተዘፈዘፈ ተልባ ጨመርኩበት። አቤት! የረጋ ደም ነው የሚመስለው፣ ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። በራሴ ኮርቼ ሳልጨርስ ተልባው የእናቲቱን አሻንጉሊት ቱቦ ደፈነው። ቱቦውን በመርፌ ስጎረጉር አመሸሁ። አሁን በቱቦው የሚያልፈው ንጹህ የቀይ ስር ውሃ ብቻ ነው። ተልባው ከውጭ፣ አንሶላው ላይ።

ተልባው ግን ለሌላ ነገር ጠቀመኝ። ጠዋት ሦስት አንሶላ ላይ የለካሁትን ፈሳሽ አፈስሳለሁ። 250፣ 500፣ 1000 ሚሊ ሊትር። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ግምቱን በወረቀት ይጽፋል። ሺውን «ስድስት መቶ ቢሆን ነው» ያለ አለ። አራት መቶ ያለም አለ። ደሙ ሲበዛ ዓይን ይበልጥ እንደሚያሳንስ ከድሮም የታወቀ ነው፣ ግን በራስህ ወረቀት ላይ ስታየው ይለያል። ከዚያ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንሥቼ አሳያቸዋለሁ። «ይቺን ታክላለች? እንግዲያው ጀምሩ።» ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም በዛ የምንልበት፣ ለዓመታት የተማርነው ልክ እሷው ናት፣ 500።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት ነገሩን አጠንክሮልኛል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ከ200 ሺህ በላይ እናቶች ታይተዋል። ደሙን ልኬት ባለው ላስቲክ መለካት፣ ማህፀኑን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በተለምዶ ግሉኮስ የምንለው በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ፣ ምርመራ። አንዱን ሞክሮ ካልሠራ ወደ ሌላው መሄድ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ላይ። ከባድ መድማት፣ ለመድማቱ የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናና በመድማት የሚመጣ ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። ግን በአንድ ላይ ለመሥራት ቡድን ያስፈልጋል። ቡድን ደግሞ በንባብ አይገኝም።

እዚህ ላይ ትልቁን ጥፋቴን ልናገር።

የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ አንዲት አንጋፋ ሲስተር ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ አዋልደዋል። ልምምዱ ሲያልቅ በሰው ሁሉ ፊት «ሲስተር፣ ለምን ማህፀኑን ሳያሹ ቀሩ?» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጓንታቸውን አወለቁ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፣ ወጡ። በቀጣዩ ሐሙስ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አራት ሰዎች ቀሩ።

ይቅርታ ልጠይቅ ክፍላቸው ሄድኩ። «ልጄ፣ እኔ ሳዋልድ አንቺ አልተወለድሽም» አሉኝ። «ላስቲክ አምጥተሽ አዋረድሽኝ።» ዝም አልኩ። ትክክል ነበሩ። ከዚያ ሳላስበው «እንግዲያው እናቲቱን እርስዎ ይሁኑልኝ» አልኩ። የእናቲቱን አሻንጉሊት ሰው ነው ሆዱ ላይ የሚታጠቃት። ማህፀኑ እንዲጠነክርም፣ ደሙ እንዲፈስም፣ እንዲቆምም የሚያደርገው የታጠቃት ሰው ነው። ማለት ዳኛዋ እሳቸው ናቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ።

እንዲህ ያለ ምጥ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ ከውጭ ያሉ አስታማሚዎች ሁሉ «ማርያም ማርያም» እያሉ ተቀበሏቸው። ሕፃኗ ወጣች፣ ደሙ ጀመረ። ልጆቹ ተሯሯጡ፣ አሹ፣ ግሉኮስ አደረጉ። ደሙ አይቆምም። በትክክል እያሹ ነው፣ አይቆምም። እኔም ግራ ገባኝ። መጨረሻ ላይ አንዱ ተማሪ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ደም እየፈሰሰዎት ስለሆነ ሆድዎን እየተጫንኩ ነው» አላቸው። ወዲያው ቆመ።

በኋላ ጠየቅኳቸው። «ስምንት ሰው ከበበኝ፣ ስለ እኔ ያወራል» አሉ። «አንድ ሰው እኔን ያናገረኝ የለም። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳደርግ ነበር ለካ።» ያን ቀን ማንም ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከልምምዱ በኋላ ያለው ወሬ ከልምምዱ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። በእንግድነት የሚመጡ አሠልጣኞች ዲብሪፊንግ ይሉታል። ልምምዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ወሬው ሃያ ይፈጃል። እኛ ቡና ላይ ነው የምናደርገው፣ ሆን ብለን ሳይሆን ሰዓቱ ስለገጠመ። አቦል ላይ «ምን ተሰማህ?» ብቻ። ቴክኒክ ማውራት ክልክል ነው። ቶና ላይ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ። በረካ ላይ እያንዳንዱ ሰው ነገ የሚቀይረውን አንድ ነገር ይናገራል። «ለምን አላደረግሽም?» የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ። አሁን የምለው «ደሙን ስታዪ ምን እያሰብሽ ነበር?» ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። አንዷ ጀማሪ መድኃኒቱ እንደተሳሳተ አይታ ዝም አለች። ለምን? «ዶክተር ነዋ ያዘዘው።» «ዶክተሩ» ጤና መኮንን ነው፣ የሷው እኩያ፣ አብረው ምሳ የሚበሉ። ከዚያ ጀምሮ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው ጮክ ብሎ ይመልሳል። «አሥር ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ጡንቻ ላይ።» ከሰጠ በኋላም «ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ሰዓቱን ጠርቶ። ትእዛዝም በስም ነው የሚሰጠው። «አንድ ሰው ደም ባንክ ይደውል» ሲባል ማንም አይደውልም። «አንድ ሰው» የሚባል ሠራተኛ የለንም።

ወደ ቁልፉ ልምጣ። መጀመሪያ አካባቢ ልምምዱን በስብሰባ አዳራሹ ነበር የምናደርገው። መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ፣ ሁሉ ነገር በእጅ። ደስ ይል ነበር፣ ሁሌም እናቲቱ ትተርፋለች። አንድ ሐሙስ አዳራሹ በስብሰባ ተያዘና ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ራሱ ገባን። «ኦክሲቶሲን!» ተባለ። ልጅቷ ሮጠች። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጁ ተቆልፏል። ቁልፉ የሚይዘው ሰው ጋ ነው። ሰውየው ምሳ ወጥቷል። ስልኩ አይነሣም። እኔ ሰዓቴን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሲስተር አልጋው ላይ ሆነው የቀይ ስሩን ውሃ ይለቃሉ። መድኃኒቱ እናቲቱ ጋ ሲደርስ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም።

በአዳራሹ መቶ ጊዜ ብንለማመድ ያን ቁልፍ አናገኘውም ነበር። ጎንደር ሥራው ቦታ ላይ ለመማር እንግዳ መሆን አልነበረባትም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት ጤና መኮንኑንም፣ ነርሱንም፣ ሳኒታሪያኑንም (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) በቡድን ነበር ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ የሚያስተምረው። እኛ ግን ሥልጠና ሲባል ሆቴል አዳራሽና አበል ነው የሚታየን። «አበል አለው?» ያላለኝ ሰው የለም። የለውም። ቡና አለው።

አጭርና ቶሎ ቶሎ መሆኑ ደግሞ ጠቅሞናል። በአምስት ቀን ሥልጠና የተያዘ ክህሎት በወራት ውስጥ እንደሚደበዝዝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የእኛ ሕፃን ማዕዘን ላይ ተሰቅላለች። ተረኛ የገባ ሰው አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ፣ አንሥቶ ለአንድ ደቂቃ «እፍ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል። በደቂቃ 40 ያህል መሆኑ ነው። ደረቷ ካልተነሣ አንገቷን ያስተካክላል። ያልተነፈሰ ሕፃን የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ አየር ማግኘት አለበት፣ ያቺን ደቂቃ «ወርቃማዋ» የሚሏት ለዚህ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን መጀመሪያ የተሰቀለችውን ሕፃን አይታ አማትባ ነበር። አሁን አቧራዋን የምታራግፈው እሷ ናት።

የፍሪጁ ቁልፍ አሁን ፍሪጁ ጎን ሚስማር ላይ በቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ትርፉ ማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ጋ ነው። ባለፈው ሐሙስ ኦክሲቶሲኑ እናቲቱ ጋ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። «ኦክስጅን!» ተባለ። ሲሊንደሩ ሞልቷል። የሚከፈትበት ቁልፍ ግን የለም። እስከ ዛሬ እየፈለግን ነው።