ስፓይኖሶረስ በሐይቅ ዳር፦ የወሎ ጉዞ ማስታወሻ

ከሐዋሳ ተነሥቼ በአዲስ አበባ በኩል እስከ ኮምቦልቻ በበረርኩበት መንገድ ለመተረክ የሚበቃ ነገር አልገጠመኝም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን ሌላ ነው፤ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት፣ ስፓይኖሶረስ የተባለ የጥንት ሥጋ በል ዳይኖሰር የሽቦ አጽም በየመታጠፊያው እንዳይጣመም በሁለት እጄ አቅፌው ተጓዝኩ። አጽሙን የሠራሁት በደሴ ባዮሎጂ የሚያስተምረው የልጅነት ጓደኛዬ በሸክላ አፈር አልብሶ ለተማሪዎቹ ሊያሳየው ስለፈለገ ነው። ስፓይኖሶረስ 14 ሜትር ገደማ ይረዝም ስለነበር የእኛን አንድ ሜትር አደረግነው፤ በዚህ ስሌት በጀርባው ላይ እንደ ሸራ ከተገተሩት አጥንቶች ረጅሙ፣ በእውኑ 1.65 ሜትር የሚሆነው፣ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

እስከዚህ ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው በአቋሙ ነው። ጓደኛዬ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚያሳድድ እንስሳ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በሁለት እግሩ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አንገቱን ዘርግቶ የሚጠብቅ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ደሴ ያደርኩበት ሆቴል ሙቅ ውሃ አለ ብሎ 900 ብር አስከፈለኝ፤ ሌሊቱን ግን ቀዝቃዛውም አልነበረም። ብርድ ልብሱ ስስ፣ የጎረቤት ክፍል ቴሌቪዥን እስከ ስምንት ሰዓት የሚጮህ ነበር። ሐዋሳ መስኮት ከፍቼ የምተኛ ሰው ካፖርቴን ለብሼ አደርኩ። ብርዱን እችለው ነበር፤ ያንገበገበኝ የሌለውን አለ መባሉ ነው። በአጥንት ሥራም የምፈራው ይህንኑ ስለሆነ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የእንስሳውን ታሪክ በአእምሮዬ አወጣው አወርደው ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ አጥንቶች እ.ኤ.አ. በ1912 ከግብፅ በረሃ፣ ከባሕሪያ ወጡ፤ ጀርመናዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኤርነስት ሽትሮመር በ1915 ስም አወጣላቸው፤ በ1944 ሙኒክ በቦምብ ስትደበደብ ከነሙዚየሙ ተቃጠሉ፤ የተረፉት ሥዕሎቹና ጥቂት ፎቶግራፎች ናቸው። በ2014 ተመራማሪዎቹ እነ ኒዛር ኢብራሂም ከሞሮኮ በተገኘ ሌላ አጽም አጫጭር የኋላ እግሮችን አሳዩ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የምናየው አካል ከተለያዩ እንስሳት የተገጣጠመ ነው። ድንቅነሽ በ1974 ስትገኝ ሐዳር በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ የእርሷ አጥንቶች ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ቢሆኑም የአንዲት ፍጡር ናቸው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የአንዱን እግር ከሌላው ወገብ ጋር ሲያጋጥሙ መጠኑ ጥቂት ከተሳሳተ የሰውነቱ ሚዛን በሙሉ ይዛወራል። በ2014 በአራት እግሩ ይሄድ ነበር የተባለው ሚዛኑ ወደ ፊት ያጋደለ ስለመሰለ ነው፤ ኋላ የመጡ ስሌቶች ሚዛኑን ወደ ዳሌው መልሰው በሁለት እግሩ አቆሙት።

በማግስቱ ሁለታችን ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድን። ከከተማው እስከ ውሃው ዳር ባለባጃጁ 200 ብር ተቀበለን፤ ስንመለስ ለዚያው መንገድ 50 ብር ከፈልን። በቁጣዬ ጓደኛዬ ተሳቀቀ፤ እኔ ግን ዛሬም የተናገርኩትን አልመልስም።

ብስጭቴን ያበረዱልኝ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። መረባቸውን እየጠገኑ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ በጀልባ ይወስዱናል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ምን ገዶኝ፣ ውጡ ልጆቼ» አሉ። ከእስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ባለው ዳርቻ ሳቢሳው በቀጭን እግሮቹ ሳይነቃነቅ ቆሟል፤ ከእርሱ ራቅ ብሎ ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ ይሰወርና ዓሣ ይዞ ይወጣል። የክርክራችን ሁለት ወገኖች በአንድ ሐይቅ ላይ ነበሩ።

ጓደኛዬ ጠላቂውን እያሳየ ማስረጃውን ደረደረ። በ2020 ጥናቱ የታተመው የስፓይኖሶረስ ጅራት ቁመቱ ሰፊ፣ እንደ መቅዘፊያ ነው፤ ሞዴሉ በውሃ ሲፈተን ከሌሎች ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጅራት የበለጠ የመግፋት ኃይል አሳይቷል። በ2022 ደግሞ የአጥንቱ ጥቅጥቅነት ጠልቆ ከሚመገቡ እንስሳት ጋር አስመደበው። እኔም ጉማሬን አነሣሁበት፤ አጥንቱ ጥቅጥቅ ነው፣ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ግን ሣር የሚግጠው የብስ ላይ ነው። ጥቅጥቅ አጥንት ውሃ ውስጥ መዋልን ሊነግረን ይችላል፤ አደኑን ግን በዚያው አይነግረንም። ተመራማሪው ዶናልድ ሄንደርሰን በ2018 በኮምፒውተር ሲያሰላው አካሉ ለመጥለቅ የሚያስቸግር፣ ወደ ጎን የሚገለበጥ ሆኖ አገኘው፤ በ2022 እነ ፖል ሰሬኖም ዘገምተኛ ዋናተኛ ነው አሉ። ያ ከፍ ያለ ሸራ ውሃ ውስጥ ዞር ለማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ መቅዘፊያውን በሰፊው ጎኑ መጎተት ይበቃል፤ ጋሼ ሰጥተውኝ ሞከርኩት፣ ክንዴ ዛለ።

«ጅራቱንስ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ ጓደኛዬ። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አልነበረኝም፤ ያን የመሰለ ጅራት ለመቆም ብቻ አይበቅልም።

ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ቤታቸው አስገቡን፤ ባለቤታቸው የጠበሱትን ቆሮሶ በልተን ቡናውን እስከ በረካ ጠጣን። እኔ ሳላስበው ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው ነኝና፣ እንዲህ ሲሰጡኝ ምን እንደምል ይጠፋኛል።

ማታ ደሴ ከጓደኛዬ ቤት ሽቦውን አጠፍን። እግሮቹ እንደፈለግሁት ቆሙ፤ ጅራቱ ግን እንደ ሌሎቹ ዳይኖሰሮች ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ አልተገተረም፤ ወደ ውሃው ወርዶ ጫፉ ወደ ጎን ታጠፈ። ጓደኛዬ እርጥቡን አፈር ከጅራቱ ጀምሮ መለጠፍ ጀመረ፤ እኔም ከመንጋጋው በኩል ጀመርኩ።