ሁለት ወር ከ2004ቱ ራሊ ጋር

ሰላም ቤተሰብ። ቃል በገባሁት መሠረት የሁለት ወር ልምምዴን ይዤ መጥቻለሁ። የምነዳው ሪቻርድ በርንስ ራሊ የሚባለውን የኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጌም ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ሃርዉድ ፎረስት የሚባለውን የእንግሊዝ የጠጠር መንገድ ስጀምር 5 ደቂቃ ከ40 ይፈጅብኝ ነበር፣ እሱም ጫፍ ከደረስኩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራዲያተሩ ተበስቶ መሃል መንገድ እቀራለሁ። ባለፈው እሁድ 4 ደቂቃ ከ31 ገባሁ።

«በሃያ ዓመት ጌም ምን ያደክምሃል?» የሚለኝ ብዙ ነው። አዲሶቹንም ሞክሬያለሁ። ጓደኛዬ ቤት ኢኤ ደብሊውአርሲ የሚባለውን የ2023ቱን የራሊ ጌም ነዳሁት፣ ምስሉም ያምራል፣ መንገዶቹም ረጃጅም ናቸው። ግን በመጀመሪያው ቀን ጨርሼ ገባሁና ለምን እንደገባሁ አላወቅኩም። በርንስ ላይ ግን ዛፍ ስገጭ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ለምሳሌ ፍሬን። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሪውን አዙሬ ነበር ፍሬን የምይዘው፣ መኪናዋም ቀጥ ብላ ጫካ ትገባለች። ከዚያ አንድ ቀን ከቱሉ ዲምቱ ስመለስ ሚኒባሱ ጋቢና ተቀመጥኩ፣ ኮሮኮንቹ ላይ ስንደርስ ዓይኔ የሾፌሩ እግር ላይ ቀረ። ኩርባው ሳይመጣ ገና ቀጥ ባለው ላይ ይይዛል፣ መሪውን ማዞር ሲጀምር ቀስ እያለ ይለቃል። ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይመጣል፣ ጎማዎቹ መሬቱን ይነክሳሉ፣ አፍንጫው ይታዘዛል። ቤት ገብቼ ያንኑ አደረግኩ፤ በዚያው ማታ ብቻ 20 ሰከንድ ቀነሰልኝ! በ2004 የተጻፈ ፊዚክስ ኮዬ ፈጬ ያለ ሾፌር የሚያደርገውን ያውቃል፣ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ጌሙን የሠራው ዋርቶግ የሚባል ኩባንያ ከፈረሰ ቆይቷል። የጌሙ ወዳጆች ግን እስካሁን ፊዚክሱን እያሻሻሉ፣ መንገድ እየጨመሩ በነፃ ይለቁታል። አጠገብህ ሆኖ ኩርባውን የሚያነብልህ ድምፅ የራሱ የሮበርት ሪድ ነው፣ ጌሙ በስሙ ከተጠራው ሾፌር ከበርንስ ጋር በ2001 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው። እሱን መስማት መልመድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እኔ አሁንም ዓይኔን አምናለሁ፣ እሱ ላይ ነው ሰከንድ የማጣው።

ሌላው የኔትወርክ ነገር ነው። ግራን ቱሪስሞ 7 የሚባለው የመኪና ጌም መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ሲቋረጥ ዲስኩን የገዛ ሰው እንኳን አብዛኛውን የጌሙን ክፍል መክፈት አልቻለም። እኛ ሰፈር ዳታ በሚጠፋበት ቀን የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት ይነዳል። መብራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማታ የጎረቤት ምጣድ ሲጣድ ስለሚወርድብኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ነው የምለማመደው።

ለሚቀጥለው ወር የያዝኩት 4 ደቂቃ ከ20 ነው፣ የእጅ ፍሬን ሳልነካ። በግራ እግር ፍሬን የምትይዙ ካላችሁ እግራችሁ እስኪለምድ ስንት ጊዜ እንደፈጀባችሁ ጻፉልኝ፣ እኔ ከትናንት ጀምሬ ገና በየኩርባው ሞተር እያጠፋሁ ነው።